ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ፦ የኬሚስትሪ ድኅረ ምረቃ መልስ እንዴት ይጠበቃል?

«ልጄ፣ ያ ፈረንጅ እስካሁን አልመለሰልህም?»

እናቴ ይህን ጥያቄ ከገና ማግስት እስከ ፋሲካ ዋዜማ ስትጠይቀኝ ከረመች። በእሷ ሐሳብ ፈረንጁ አንድ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወረቀቴን እያገላበጠ ያመነታል። እውነቱን ለመናገር እኔም በመጀመሪያው ዓመት ከእሷ የተሻለ አልገባኝም ነበር። ዝም ባሉኝ ቁጥር «በቃ ጠልተውኛል» እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ አድር ነበር።

ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። መጀመሪያ ስድስት ቦታ አመለከትኩ፣ ስድስቱም አልሆኑም። በሁለተኛው ዓመት ሰባት ቦታ አመልክቼ ሁለቱ ተቀበሉኝ፣ አንዱ ተጠባባቂ አደረገኝ፣ አራቱ ሸኙኝ። አሁን ክረምት ነው፣ ጎንደር ዝናቡን እያወረደችው ነው፣ ነሐሴ ላይ ከአዘዞ አውሮፕላን እስክሳፈር ትንሽ ጊዜ አለኝ። ፒያሳ ላይ የሚያገኙኝ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቴዎድሮስ ግቢ ልጆች ስለ ማመልከቱ ብዙም አይጠይቁኝም፣ እሱን ከየትም ያገኙታል። የሚጠይቁኝ ማመልከቻው ከተላከ በኋላ ስላሉት አራት ወራት ነው። ለእያንዳንዱ በቡና ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

በዋናነት የማወራው ስለ አሜሪካ የኬሚስትሪ ፒ ኤች ዲ ነው። ስለ አውሮፓና ስለ አገር ቤት መንገድ ላይ ጣል አደርጋለሁ።

1. ወረቀታችሁ ማን ጋ እንዳለ እወቁ

ፈረንጁ አንድ ሰው አይደለም። ማመልከቻችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ነው። እዚያ ትራንስክሪፕቱ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት፣ ሦስቱ የድጋፍ ደብዳቤዎች መሟላታቸው ይታያል። ከዚያ ወደ ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ይሄዳል። ዲፓርትመንቱ ውስጥ የመምህራን ኮሚቴ አለ፣ ብዙ ጊዜም ፋይሉን በዘርፍ ይከፋፈሉታል። ኦርጋኒኩን የኦርጋኒክ ሰዎች ያዩታል፣ አናሊቲካሉን የአናሊቲካል ሰዎች፣ ፊዚካሉን፣ ኢንኦርጋኒኩን፣ ባዮኬሚስትሪውን እንደዚያው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የቦታው ብዛት የሚወሰነው በገንዘብ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኬሚስትሪ ፒ ኤች ዲ ተማሪ ባብዛኛው ከኪሱ አይከፍልም። ትምህርቱ ይከፈልለታል፣ በላዩም ስታይፔንድ የሚሉት የወር መተዳደሪያ ያገኛል። ገንዘቡ ባብዛኛው ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንዱ ቲ ኤ መሆን ነው፣ ማለትም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ላብራቶሪ ማሠራትና ፈተና ማረም። ሌላው አር ኤ ነው፣ ፕሮፌሰሩ ካገኘው የምርምር ገንዘብ ይከፍላችኋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ጄኔራል ኬሚስትሪ የሚወስደው ተማሪ ብዛት፣ ማን ፕሮፌሰር ገንዘብ እንዳገኘ፣ ማን ጡረታ እንደሚወጣ፣ ዘንድሮ ስንት ተማሪ እንደሚመረቅ፣ ይሄ ሁሉ የእናንተን ወንበር ይነካል። ከእነዚህ አንዱንም እናንተ ማመልከቻ ላይ የጻፋችሁት ነገር አይቀይረውም።

ደግሞ መልሱ በአንድ ቀን አይወጣም፣ በዙር ነው የሚወጣው። ዲፓርትመንቱ መጀመሪያ በጣም የሚፈልጋቸውን ይጠራል። ከእነሱ መካከል ስንቱ እንደሚመጣ ያያል። ከዚያ ሁለተኛ ዙር ይልካል። ከውጭ አገር የሚያመለክት ሰው ፋይሉ ብዙ ጊዜ ዘግየት ይላል፣ የዲግሪው አቻነትና የእንግሊዝኛው ውጤት ተጨማሪ መታየት አለበትና። ስለዚህ ያ ቴሌግራም ላይ «ተቀበሉኝ» ብሎ የለጠፈው ልጅ ከእናንተ ጋር አንድ ቦታ ቢያመለክትም፣ የእሱ መልስ ለእናንተ ምንም አይናገርም። ዘርፉ የተለየ ሊሆን ይችላል፣ ዙሩም እንዲሁ።

አውሮፓ ሌላ ነው። ጀርመን ውስጥ የዶክትሬት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሥራ ነው የሚታየው። ማስተርስ ይጠይቃል፣ ማስታወቂያው በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ይወጣል፣ ወሳኙም ራሱ ፕሮፌሰሩ ነው። እዚያ የእናቴ ሐሳብ ልክ ነው፣ ፈረንጁ አንድ ሰው ነው።

2. ሁለቱን የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ለጥፉ

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እኔ ሁለተኛው ዓመት ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚሸጠውን ካላንደር ገዝቼ የፈረንጁን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩበት። ያ ወረቀት ከማንኛውም ምክር በላይ አረጋግቶኛል።

አብዛኛው የማመልከቻ ማብቂያ በፈረንጅ ዲሴምበር 1 እና 15 መካከል ነው፣ በእኛ ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6። ጃንዋሪ የሚያደርጉም አሉ። ከማብቂያው በኋላ እነሱ ለገናቸው ይበተናሉ። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ 24 ወይም 25 ድረስ ማንም ወረቀታችሁን አያነብም፣ ቢሯቸው ዝግ ነው። ሰው ሁሉ ግን በዚያ ሰሞን ነው ፖርታሉን (ማመልከቻው ያለበትን የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ) በቀን ሃያ ጊዜ የሚከፍተው! እኔም ከፍቻለሁ።

ኮሚቴዎቹ ሥራ የሚጀምሩት የእኛ ገና ሲደርስ ነው። የመጀመሪያው ዙር መልስ በጥምቀት አካባቢ ብቅ ማለት ይጀምራል። ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛው ዳር ቆመን ውኃው ሲረጭ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፣ ልቤ ቆመ፣ አውጥቼ ሳየው የካርድ ማስታወቂያ ነው። ብቻ ያኔ ዙሩ ይጀመራል ለማለት ነው። ትልቁ የመልስ ሰሞን ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ግቢውን እንዲያዩ ይጋብዛሉ፣ ውጭ ላለነው ብዙ ጊዜ በዙም ያደርጉታል። መጋቢት ውስጥ ሁለተኛው ዙርና እምቢታው ይመጣል።

የመጨረሻዋ ቀን ኤፕሪል 15 ናት፣ በእኛ ሚያዝያ 7። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት የሚባል አካል አለ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙበት ስምምነትም አለው። በዚህ ስምምነት መሠረት ከነገንዘብ ድጋፉ የተቀበሉት ተማሪ ከዚያ ቀን በፊት መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ይህቺን ቀን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከወራቱ ጋር ዓቢይ ጾም ይገጥማል። 55 ቀን ሽሮ እየበሉ መልስ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

3. ፖርታሉ ላይ «ተሟልቷል» የሚለውን በዓይናችሁ እዩ

የመጀመሪያው ዓመት ትልቁ ጥፋቴ ይህ ነው። ማመልከቻውን ላክሁ፣ ክፍያው አለፈ፣ «ደርሶናል» የሚል ኢሜይል መጣ፣ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ዘጋሁት። የካቲት አጋማሽ ላይ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ምንም ሲጠፋ ፖርታሉን በደንብ አየሁት። ከሦስት ደብዳቤ አንዱ አልደረሰም። ማመልከቻዬ «ያልተሟላ» ተብሎ ሁለት ወር ተኝቷል፣ ኮሚቴውም አላየውም። መምህሬን ስጠይቃቸው ሊንኩ ስፓም ውስጥ ገብቶባቸው ኖሯል። እሳቸውን አልወቅስም። ታኅሣሥ 10 ላይ አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ያልቅ ነበር።

ስለዚህ በላካችሁ በሳምንቱ እያንዳንዱን ፖርታል ክፈቱና አንድ በአንድ እዩ። ሦስቱ ደብዳቤ ገብቷል? የእንግሊዝኛው ውጤት በቀጥታ ከፈተናው ድርጅት ደርሷል? ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፣ ቀኑ እንዳላለፈ ተመልከቱ። ትራንስክሪፕቱ ይነበባል? በስልክ ያነሣችሁት ፎቶ ጥላ ከጣለበት ደግማችሁ ስካን አድርጉት።

ደብዳቤ ካልገባ መምህሩን ለማስታወስ አትፈሩ። እኛ አገር መምህርን መጨቅጨቅ ነውር ይመስለናል። ቢሯቸው ሄዳችሁ «ጋሼ ይቅርታ፣ ሊንኩ ደርሶዎት እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው» ማለት ነውር የለበትም። ብዙ ዲፓርትመንት ማብቂያው ካለፈ በኋላም ደብዳቤ ለተወሰነ ቀን ይቀበላል፣ ማመልከቻችሁ በጊዜው እስከገባ ድረስ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አሁንም የሚጠይቁኝ ስላሉ። ጂ አር ኢ የሚባለው የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ለኬሚስትሪ ልዩ የሆነው በፈረንጅ 2023 ተቋርጧል። «እሱን ስላልላክሁ ይሆን ዝም ያሉኝ?» ብላችሁ አትጨነቁ።

«በግምገማ ላይ» የሚለው ቃል ሦስት ወር ሙሉ ሳይቀየር ሊቆይ ይችላል። ምንም ማለት አይደለም። ፖርታሉ ላይ ቀለም ተቀየረ፣ አንድ ቁልፍ ጠፋ ብሎ ትርጉም መፈለግ ደግሞ ቡና ስኒ ውስጥ ዕጣ ማየት ነው።

4. ኢሜይላችሁን ለክፉ ቀን አዘጋጁ

ይህን ክፍል ከሁሉ አስበልጬ ጻፍኩት፣ የጎንደር ሰው ስለሆንኩ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንቱ ሰው ምን እንዳመለጠው ሁላችንም እናውቃለን። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ዲፓርትመንቱ «በሦስት ቀን ውስጥ ለቃለ መጠይቅ ጊዜ ምረጥ» ብሎ ከላከ፣ እናንተ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ መሆናችሁን አያውቅም።

መጀመሪያ፣ የምታምኑት ሰው ምረጡ፤ አዲስ አበባ ያለ ወንድም፣ ውጭ ያለች እህት። ለዚህ ጉዳይ ብቻ የከፈታችሁትን ኢሜይል እሱም ማየት እንዲችል አድርጉ። ለዚህ ነው ለማመልከቻ የተለየ አድራሻ መክፈት የሚሻለው፣ የግል ጉዳያችሁ እዚያ ውስጥ አይኑር።

ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃሉን መስጠት ብቻ አይበቃም። ጂሜይል በአዲስ ስልክ ሲከፈት ኮድ ወደ እናንተ ስልክ ይልካል፣ እናንተ ጋ ደግሞ ኔትወርክ የለም። መፍትሔው የመጠባበቂያ ኮድ ነው። በጉግል አካውንታችሁ የደኅንነት ክፍል ውስጥ ባለ 8 አኃዝ 10 ኮዶች ይሰጣችኋል። አትሟቸው። አንድ ቅጂ ለወንድማችሁ፣ አንድ ቅጂ ከዲግሪያችሁ ጋር። እያንዳንዱ ኮድ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ለዚያ ሰው ምን እንዲያደርግ በግልጽ ንገሩት። አደራ፣ በእናንተ ስም መልስ እንዳይጽፍ! ቃለ መጠይቅ ከመጣ ብቻ «አመልካቹ ያለበት አካባቢ ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ እኔ ወንድሙ ነኝ፣ መልእክቱን አደርስለታለሁ» ይበል። እንዲህ ያለ መልእክት አሳፋሪ አይደለም። እኔ ጋ አንዴ ደርሶ ሌላ ቀን ቀጥረውልኛል።

ስፓሙን በየሁለት ቀኑ ክፈቱ። ከዚህ በላይ ግን ስልክ ላይ ማፍጠጥ ጥቅም የለውም፣ ምክንያቱም ሰዓቱ ይታወቃል። በክረምታቸው የአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እነሱ ቢሮ ጠዋት ሲገቡ እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ ሲወጡ ሌሊት 7 ሰዓት። ካሊፎርኒያ ከሆነ ማታ 2 ሰዓት ይጀምርና ሌሊት 10 ላይ ያበቃል። በመጋቢት መግቢያ አካባቢ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እንግዲህ አስሉት፦ ከቅዳሜ ንጋት እስከ ሰኞ 11 ሰዓት ድረስ መልስ አይመጣም ማለት ይቻላል። የፈረንጅ ጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ስለሆነ እሱንም ጨምሩበት። እኔ ሁለተኛው ዓመት ላይ ሕግ አወጣሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ማታ 3 ሰዓት አንዴ፣ ጠዋት ስነሣ አንዴ። ቀኑን ለራሴ አስቀረሁት።

5. መቼ ልጻፍላቸው?

ከየካቲት አጋማሽ በፊት ስለ ውሳኔው አትጠይቁ። ከዚያ በፊት የሚጻፍ ኢሜይል መልሱ «እየተገመገመ ነው» ነው። የካቲት አልቆ ምንም ካልሰማችሁ አንድ ኢሜይል፣ አንድ ብቻ፣ ለዲፓርትመንቱ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ። ለፕሮፌሰሮቹ በጅምላ አትላኩ። ለአስተባባሪዋ አጭር መሆን አለበት፣ ሴትዮዋ በቀን መቶ ታነባለች። እንግሊዝኛውን እናንተ ታሳምሩታላችሁ፣ ሐሳቡ ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለመጪው ፎል ሴሚስተር የኬሚስትሪ ፒ ኤች ዲ አመልክቻለሁ፣ የማመልከቻ ቁጥሬ ይህ ነው። ውሳኔዎች በየትኛው ጊዜ ሊጠናቀቁ እንደሚችሉ ቢገልጹልኝ አመሰግናለሁ። ማመልከቻውን ካስገባሁ ወዲህ የማስተርስ ጥናቴን ተከላክያለሁ፣ አዲሱን ትራንስክሪፕት አያይዣለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አዲስ ነገር ካለ ብቻ ነው የሚገባው። ጽሑፍ ታትሞላችሁ ከሆነ፣ ውጤት ተሻሽሎ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ተቀብለዋችሁ ከሆነ ጻፉት። ሌላ ቦታ መቀበል ትልቅ ምክንያት ነው። «ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል፣ ነገር ግን የእናንተን እመርጣለሁ፣ ኤፕሪል 15 ከመድረሱ በፊት ብታሳውቁኝ» ማለት ያስከብራል። ግን እውነት ከሆነ ብቻ። «ቤተሰቤ በጣም ተጨንቋል» አይጻፍም። ቤተሰብማ ሁሌም ይጨነቃል።

6. ቃለ መጠይቅ ከመጣ

ሁሉም ዲፓርትመንት አያደርገውም፣ ስለዚህ አለመጠራት እምቢታ አይደለም። ከተጠራችሁ ብዙውን ጊዜ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ በዙም ነው። የሚጠይቁት ስለ ሠራችሁት ምርምር ነው። «ለምን ያንን አሟሚ (ሶልቨንት) መረጥክ?» «ምርቱ 40 በመቶ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?» «የጎደለ መሣሪያ ሲገጥምህ ምን አደረግህ?» ሦስተኛው ጥያቄ ለእኛ የተሠራ ነው! መሣሪያው ለሳምንታት ተበላሽቶ በእጅ ቲትሬት ያደረጋችሁበትን ታሪክ አትደብቁት፣ ንገሯቸው። እኔ እሱን ሳወራ ነው ፕሮፌሰሩ ወደ ካሜራው የተጠጋው።

ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። የእነሱ ጠዋት 10 ሰዓት እና የእኛ ጠዋት 10 ሰዓት የሚባል ነገር አይገናኝም፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ሌላ የ6 ሰዓት ልዩነት አለበት። ቦታ ካጣችሁ ሆቴል ውስጥ ጸጥ ያለ ጥግ ለምኑ፣ ጄኔሬተር ያለበት። ስልካችሁ ላይ የሞባይል ዳታ ገዝታችሁ ተጠባባቂ ያዙ።

7. ለማን ልንገር?

ለጥቂት ሰው። ሰፈር ውስጥ አንዴ «አሜሪካ ሊሄድ ነው» ከተባለ የቡና ጥሪ ሁሉ ጥያቄ ይሆናል። እኔ ለእናቴ «መልሱ ከፋሲካ በፊት አይመጣም» ብያት ነበር፣ እሷ ግን በየቀኑ ጠየቀችኝ፣ ስለዚህ ይህ ምክር የሚሠራ አይመስለኝም። ቢሆንም ሞክሩት።

«በገንዘብ አድሚሽን አስወጣለሁ» ከሚል ደላላ ራቁ። የኬሚስትሪ ፒ ኤች ዲ በደላላ አይገኝም። መልሱ የሚመጣው ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይልና ፖርታል ብቻ ነው።

8. በመጠበቂያው ጊዜ ምን ልሥራ?

ብዙ ዲፓርትመንቶች አዲስ የገባ ተማሪ ገና ሲደርስ ፈተና ይሰጡታል። ኦርጋኒክ፣ ኢንኦርጋኒክ፣ ፊዚካል፣ አናሊቲካል። የሚጥል ፈተና አይደለም፣ የትኛውን ኮርስ መውሰድ እንዳለባችሁ ለማየት ነው። ግን ከወደቃችሁበት የቅድመ ምረቃ ኮርስ ሊያስደግሟችሁ ይችላሉ። ለእኔም ነሐሴ ላይ ፈተና እንዳለ ጽፈውልኛል። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ አንዱን ወር ለአንዱ ዘርፍ ስጡት። ሚያዝያ ላይ ባይቀበሏችሁም ያነበባችሁት አይጠፋም።

እኔ እንዲህ አደረግኩ። ለኦርጋኒክ የድሮውን መጽሐፍ ከፍቼ በየቀኑ አምስት ሜካኒዝም (የኬሚካል ለውጡ ደረጃ በደረጃ የሚሄድበት መንገድ)፣ ቀስቶቹን በእጄ እየሣልኩ። ስፔክትሮስኮፒ (ውህድን ከጨረር ጋር ባለው ምላሽ የመለየት ዘዴ) ላይ ደካማ ነበርኩ። ጃፓኖች ኤስ ዲ ቢ ኤስ የሚባል ነፃ የስፔክትረም ማውጫ አላቸው፣ የኤን ኤም አር እና የአይ አር ምስል በነፃ ታያላችሁ። ስሙን ሸፍኜ ውህዱን ለመገመት እሞክር ነበር። ለፊዚካል የኤም አይ ቲ ነፃ ትምህርቶች አሉ፣ ኔትወርክ ደህና ሲሆን አውርዳችሁ አስቀምጡ።

የአገር ቤቱን በርም አትዝጉት። እዚህ ማስተርስ ወይም ፒ ኤች ዲ ለመግባት የትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። የምዝገባ ማስታወቂያው ሲወጣ ተመዝገቡ። «የውጭው ይምጣና አያለሁ» ያሉ ጓደኞቼ ሁለቱንም አጥተው ዓመቱን ቁጭ ብለዋል። ኤራስመስ ሙንዱስ (የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ) የምትሉም ብትኖሩ፣ እዚያ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ቀንና የራሱ ተጠባባቂ ዝርዝር አለው፣ ያንኑ ካላንደር ላይ አክሉት።

9. «እንኳን ደስ አለህ» ሲመጣ

የእኔ የመጣው የካቲት ውስጥ፣ ማክሰኞ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ነው። ሕጌን ጥሼ እያየሁ ነበር። እናቴን ቀሰቀስኳት። «ማን ሞተ?» አለች።

በማግስቱ «እሺ፣ እመጣለሁ» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እግዜር ይስጣት እህቴ ከለከለችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የዚያኑ ቀን የሚጻፈው ምስጋና ብቻ ነው፦ «ደርሶኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል፣ በጊዜው አሳውቃለሁ።» ከዚያ ደብዳቤውን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። መጀመሪያ የሚመጣው «ዲፓርትመንቱ እንድትገባ ሐሳብ አቅርቧል» ሊል ይችላል። ዋናው የመቀበያ ደብዳቤ ከድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ ተከትሎ ይመጣል።

ስታይፔንዱ የ9 ወር ነው የ12 ወር? በጋቸው ላይ ማን ይከፍላል? ትምህርት ቤቱ የሚያስከፍለው ልዩ ልዩ ክፍያ ከስታይፔንዱ ላይ ይቆረጣል? የጤና መድኅኑስ? ድጋፉ ለስንት ዓመት ነው? ቲ ኤ ለመሆን የተለየ የእንግሊዝኛ ንግግር ውጤት ይጠይቃሉ? እነዚህን ለአስተባባሪዋ ጽፋችሁ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከእኔ ሁለት አማራጮች አንዱ በዓመት 4,000 ዶላር ይበልጥ ነበር፣ አባቴ ወዲያው «ይሄኛው» አለ። እዚያ ካሉ ሐበሾች ጋር ስንነጋገር ግን ያ ብዙ የሚከፍለው ያለበት ከተማ የቤት ኪራይ ከሌላው በወር ወደ 600 ዶላር ይበልጣል። በዓመት 7,200። አባቴ ወረቀት ላይ አባዝቶ ዝም አለ።

ከገንዘቡ በላይ ግን ፕሮፌሰሮቹን ቁጠሩ። አሜሪካ ውስጥ ባብዛኛው ወደ ዲፓርትመንቱ ትገቡና አማካሪያችሁን በመጀመሪያው ዓመት ትመርጣላችሁ። አብሬው ብሠራ የምትሏቸው ቢያንስ ሦስት ሰዎች ይኑሩ፣ ሦስቱም ዘንድሮ ተማሪ እንደሚወስዱ ጠይቁ። አንድ ሰው ብቻ ብላችሁ ሄዳችሁ እሱ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢዛወር ወይም ገንዘብ ቢያልቅበት ሜዳ ላይ ቀራችሁ። የአማካሪውን ጠባይ ደግሞ ከራሱ ላብራቶሪ ተማሪዎች ጠይቁ፣ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ። ሰው የማይጽፈውን ይናገራል።

ሁለት ካገኛችሁ የማትሄዱበትን ወዲያው ልቀቁት። እስከ ሚያዝያ 7 ይዛችሁ የመቆየት መብት አላችሁ፣ ግን ያቺን ወንበር ተጠባባቂ ላይ ያለ ሌላ ሰው ይጠብቃታል። ምናልባት እሱም እንደ እናንተ ሌሊት ስልኩ ላይ አፍጥጧል።

10. ተጠባባቂ ወይም እምቢታ

ተጠባባቂ ካደረጓችሁ «አሁንም እፈልጋለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ዝርዝሩ የሚንቀሳቀሰው በሚያዝያ 7 ዙሪያ ነው፣ ሌሎች ሲለቁ። እዚያም የዘርፍ ነገር አለ፤ የለቀቀው የፊዚካል ሰው ከሆነ የኦርጋኒክ ተጠባባቂ ላይጠራ ይችላል። ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ ዝም ካሉ አንዴ ጠይቃችሁ ሌላውን ያዙ።

እምቢታው አጭር ነው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ምክንያት አይጻፍበትም። «ለምን?» ብሎ መጻፍ ብዙም አያዋጣም። የመጀመሪያው ዓመት ስድስተኛው እምቢታ ሲመጣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ሄጄ ዛፍ ሥር ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ማታ ተመልሼ ግን አንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ደብዳቤ የዘገየበት ስንት? ሁለት። አብሬው ልሠራ የምችለው ፕሮፌሰር አንድ ብቻ የነበረበት? ሦስት። ስድስቱም ውስጥ አንድም መካከለኛ ዩኒቨርሲቲ አላስገባሁም፣ ሁሉንም በስም ነው የመረጥኩት። ሁለተኛው ዓመት ላይ የቀየርኩት እነዚህን ሦስቱን ብቻ ነው።

11. ከተቀበላችሁ በኋላ ያለው መጠበቅ

ይህ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ቅጽ ይልካል፣ ለእሱ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ፓስፖርቱን ተቀባይነት እስክታገኙ አትጠብቁ፣ ዛሬ ጀምሩ። አይ-20 ሲመጣ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መከታተያ ሥርዓት) ክፍያ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር። ከመክፈላችሁ በፊት የኤምባሲውን ገጽ እዩ፣ ደንቡም ዋጋውም ይቀያየራል። ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ነው፣ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ለመግባት አስቡ። ተማሪ ትምህርቱ ከሚጀምርበት ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ መግባት አይችልም፣ ትኬት ስትቆርጡ እሱን አስታውሱ።

ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ብቻ ይዛችሁ ያላችሁ ደግሞ ከአሁኑ ሬጅስትራር ሂዱ። ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳ) ያልጨረሰ ሰው ዋናውን ትራንስክሪፕት ለማስላክ ይንገላታል። እኔ ሰኔ ላይ ወረፋው ውስጥ አራት ቀን ቆሜያለሁ፣ ከፊቴ የነበረው ልጅ ደግሞ ፎቶ ረስቶ ተመለሰ። ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ አራት ጉርድ።